ከማንሻው ምን ያህል ይርቃል?

ጋርኔት በምትባለው የተራራ ከተማ ለክረምት ሳምንት ቤት የሚከራይ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከማንሻው ምን ያህል ይርቃል? ስለ አልጋው ስፋት፣ ስለ ምድጃው ሙቀት፣ ስለ ጎረቤቱ ጠባይ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎችን ወደ ተራራው ራስ የሚያወጡት ተንጠልጣይ ወንበሮች ከሚነሡበት ሥፍራ፣ ከማንሻው፣ እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለው መንገድ ባጠረ መጠን፣ ተከራዩ ከሌሎች ተለይቶ እንደ ተመረጠ ያህል ደስ ይለዋል። ማሪት ሀልቮርሰንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚህ እምነት ያደገች ናት። ያሳደጋት ደግሞ አባቷ አርቪድ ነበር፤ ከማለዳው የመጀመሪያ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ የቀረበትን ቀን እንደ ባከነ ቀን የሚቆጥር ሰው።

አርቪድ በፑኤብሎ ከተማ ዕድሜውን ሙሉ የእንጨት ሥራ ሲያስተምር ኖሮ በጡረታ ከተሰናበተ በኋላ፣ የዐይን ሕመም ቀስ በቀስ ብርሃኑን ወሰደበት። አሁን ቀኑን ከሌሊት ከመለየት በቀር የሚያየው የለም። ሐኪሞቹ በትር ይዞ መሄድን አስተምረውታል፤ እሱ ግን ካለፈው ፋሲካ ወዲህ የሰው ክንድ ሳይዝ የቤቱን ደፍ ተሻግሮ አያውቅም። በትሩ ከበሩ ጀርባ ቆሞ፣ እሱ ከወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱም ዝም ብለው ይውላሉ።

«ማሪት፣ ሰውዬው እየሞተብኝ አይደለም» አለቻት እናቷ ሎርና አንድ ቀን በስልክ። «እየተቀመጠብኝ ነው። መቀመጡ ደግሞ ከሞቱ ይልቅ ያስፈራኛል።»

ማሪት ይህን ከሰማች በኋላ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በጋርኔት ዐይነ ስውራንን በበረዶ ሸርተቴ፣ በስኪ፣ የሚመራ ማኅበር እንዳለ ታውቃለች፤ መሪው ከኋላ ሆኖ ግራና ቀኙን በድምፁ ይናገራል፣ ሁለቱም ብርቱካንማ ሰደርያ ይለብሳሉ። ለማክሰኞ ማለዳ አባቷን አስመዘገበችው። ለእሱ ስትነግረው ግን ያገኘችው መልስ አጭር ነበር።

«እመጣለሁ። እናትሽ አየር ትቀይር። እኔ ግን ስኪ አላደርግም።»

ስለዚህ ሰፈር የመምረጡ ነገር ለማሪት የመዝናኛ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። አባቷ ከደጃፍ በገዛ እግሩ የሚወጣበትን ቤት ካገኘች፣ የቀረው በራሱ ይከተላል ብላ አሰበች። ካላገኘች ደግሞ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። በወላጆቿ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ የጋርኔትን ካርታ ዘረጋችና ከእናቷ ጋር ተቀመጠች። አርቪድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ከወዲያ ያዳምጣል።

«ጥድ አምባን እርሺው» አለች ሎርና፣ በጫካው መካከል ያለውን ከፍተኛውን ሰፈር በጣቷ እየሸፈነች። «ባለፈው እዚያ ያደርን ጊዜ መኪናችን ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ስትንሸራተት አባትሽ መዝሙር ጀምሮ ነበር።»

«መዝሙር አልነበረም» አለ አርቪድ። «ስድብ ነበር። በኖርዌይኛ ስለ ሆነ ነው መዝሙር የመሰለሽ።»

«እግዜር ይቅር ይበልህ። እኔም አብሬህ ዘምሬ ነበር እኮ!»

ማሪት ሣቀች፤ ነገር ግን ጣቷ ከማንሻ ሥር አልተነሣም። ማንሻ ሥር የሚባለው አዲሱ ሰፈር ነው፤ የድንጋይ ፎቆቹ የተንጠልጣይ ወንበሮቹን መነሻ ከበው ቆመዋል።

«አሮጌው ከተማስ?» አለች ሎርና። «ቤተ ክርስቲያኑም እዚያ ነው። ዳቦ ቤቱም።»

«እማዬ፣ ከአሮጌው ከተማ እስከ ማንሻው አውቶቡስ መያዝ ያስፈልጋል። አባዬን በበረዶ ላይ እየጎተትን አውቶቡስ ልናሳድድ ነው? እዚህ አሳንሰር አለ። የእግረኛው መንገድ ከሥሩ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ተዘርግቶበታል፤ በረዶ አይዝም፣ አያዳልጥም። ከበራችን ስንወጣ ማንሻው እዚያው ነው።»

«አርቪድ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«ወንበር ያለበት ቦታ ከሆነ የትም ይሁን» አለ፤ ፊቱንም ከመስኮቱ አላነሣም።

እንዲህም ሆኖ ማንሻ ሥር ተመረጠ። የፎቁ አስተዳዳሪዎች ከቅዳሜ ጀምረው እንዲገቡ ፈቀዱ፤ ሳምንቱን ሙሉ መቆየት አለመቆየታቸውን ግን ሰኞ ከቀትር በፊት እንዲያሳውቁ አሳሰቡ። ያን ቤት የሚጠባበቁ ብዙዎች ነበሩና፣ አንድ ጊዜ ከለቀቁት ተመልሶ አይገኝም።

እሑድ ማለዳ ማሪትና እናቷ ለጸሎት ሲለብሱ፣ አርቪድን ካፖርቱን ደርቦ በትሩን በእጁ ይዞ ከበሩ ሥር ቆሞ አገኙት።

«እናንተ እስክትቆነጃጁ ደጅ ላይ እጠብቃችኋለሁ» አለ።

ማሪት ልትከተለው አንድ እግሯን አነሣች፤ ሎርና እጅጌዋን ይዛ አስቀረቻት። የአሳንሰሩ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰሙ። ሁለቱም ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያስሩ ጥቂት ታግሠው ወረዱ።

አርቪድ በደጃፉ አልነበረም።

ከፎቆቹ መካከል ያለው አደባባይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንደ ጠረጴዛ የተለሰነ ነው። ጠርዝ የለው፣ ከፍታ የለው፣ የበረዶ ቅንጣት የለው። በየምሰሶው ላይ በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች አንዱ ዘፈን ከአራቱም ማዕዘን ይፈስሳል፤ ስለዚህ የትኛው ድምፅ ከየት እንደ መጣ የሚያይ ሰው እንኳ በውል አይለየውም። አርቪድ ንጹሕ አየር ሊስብ ጥቂት ወደ ፊት ራመድ ብሎ ዞረ፤ ሲዞርም በሩ ጠፋበት። በትሩን ወደ ግራ ቢዘረጋ ምንም፣ ወደ ቀኝ ቢዘረጋ ምንም። ያገኙት በሸርተቴ ማከራያው ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ አንዲት የሱቁ ሠራተኛ ክንዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ መስማትም የተሳነው ይመስል ትጮኽበት ነበር።

«ጌታዬ! ከማን ጋር ነው የመጡት? ሰው አለዎት?»

«ከእኛ ጋር ነው» አለች ማሪት እየሮጠች።

ልጅቱ ደግ ነበረች፤ ፈገግ ብላ ክንዱን ከእጇ ወደ ማሪት እጅ አሳለፈችው። ማሪት የአባቷን ፊት እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። እንደ ጠፋ ሻንጣ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈና፦

«ቤት እንሂድ» አለ።

«እሺ አባዬ፣ ወደ ላይ እንውጣ።»

«ፎቁን አይደለም። ፑኤብሎን ነው የምልሽ።»

ሎርና መሐረቧን እያሰረች ደረሰች። «መጀመሪያ ጸሎት» አለች። «ከዚያ ወዲያ ወደ ፑኤብሎም፣ ወደ ፈለግህበትም እነዳሃለሁ። እግዚአብሔርን ግን ቀጥሬዋለሁ።»

«እሱ ቀጠሮ ማስረዘም ያውቅበታል» አለ አርቪድ፤ ቢሆንም ተከተላት።

ወደ አሮጌው ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ ሸርተቴና በትር የያዘውን ሁሉ በነፃ የሚጭን ነው። ከወንዙ ድልድይ አልፎ በጸጥተኛው ጎዳና አወረዳቸው። ማሪት እንደ ልማዷ የአባቷን ክንድ ይዛ መራመድ ጀመረች። አርቪድ ግን ቆመ።

«ምነው? አመመህ?»

«ዝም በዪ።»

አንድ እግሩን ቀስ ብሎ አሳረፈ። በረዶው ከጫማው ሥር ሲጥ አለ። ሌላውን አሳረፈ፤ ሲጥ። ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ በክፍል ውስጥ የተማሪን መልስ እንደሚጠብቅ መምህር ጸንቶ አዳመጠ።

«ዛሬ ብርዱ ከፋራናይት ዜሮ ብዙም አይርቅም» አለ። «የሌሊቱም በረዶ ደረቅ ነው። እርጥብ ቢሆን እንዲህ አይጮኽም ነበር።»

ሎርና የአውቶቡስ ማቆሚያውን የሙቀት መለኪያ አየችና ልክ ነው ስትል አንገቷን ነቀነቀች። በጎዳናው በሁለቱም ወገን የተጠረገው በረዶ እስከ ትከሻ ተከምሮ የእግረኛውን መንገድ እንደ ጠባብ ኮሪደር አድርጎታል። አርቪድ በትሩን ወደ ቀኝ ዘረጋ፤ ክምሩን ነካ። ወደ ግራ ዘረጋ፤ ነካ። ከዚያም ክንዱን ከማሪት እጅ ቀስ ብሎ አወጣ።

ሄደ። በትሩ ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ ጫማው መሬቱን እያናገረ ሄደ። ክምሩ ለመኪና መግቢያ በተቆረጠበት ቦታ ነፋሱ ጉንጩን ሲመታው ቆም ይልና «በር ነው» ብሎ ለራሱ ይናገራል፤ ተሻግሮም ግድግዳውን እንደገና ያገኘዋል። ማሪት ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ሎርና ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«ትንፍሽ ብትዪ ዛሬ ልጄ አይደለሽም።»

በትንሿ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከምእመናኑ እኩሌታ የሚሆኑት የሸርተቴ ሱሪ እንደ ለበሱ ተቀምጠው ነበር። ሰባኪው በመስኮት የሚወርደውን አዲስ በረዶ ደጋግመው አዩና ስብከታቸውን አሳጠሩ፤ ማንም ቅር አላለውም። የዕለቱ ንባብ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ስለ ተቀመጠው ዕውር ነበረ። ማሪት ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ቀድሞ ያላስተዋለችው ነገር ልቧን ወጋው፤ ጌታ እንኳ፣ ሁሉን የሚያውቀው፣ ያን ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳይጠይቅ አላዳነውም። እሷ ግን ካርታ ዘርግታ፣ ሰፈር መርጣ፣ መሪ ቀጥራ፣ ቀን ቈርጣ፣ ለአባቷ የተወችለት ወንበሩን ብቻ ነበር። ማንሻው ቅርብ ይሁን ያለችውም ገና ዐይናማ ሳለ በሚያውቀው ልማድ ነው።

ጸሎቱ እንዳበቃ በበሩ ላይ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ የት ብናርፍ ትወዳለህ?»

«አሁን ነው የምትጠይቂኝ?»

«አሁን ነው።»

አርቪድ ጢሙን አሻሸ። «መሬቱ በሚያወራበት» አለ። «ያ አንቺ የመረጥሽው ሰፈር ዲዳ ነው። ታጥቧል፣ ሞቋል፣ ተወልውሏል፤ ለእግሬ የሚለው ግን ምንም የለው። እዚያ ስቆም ሁለተኛ ጊዜ የታወርሁ መሰለኝ።»

ከኋላቸው ካፖርቷን የምትቆልፍ አንዲት ረጅም ሴትዮ ይህን ሰምታ ኖሮ ጣልቃ ገባች። ኢሞጅን ፕራት ትባላለች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ የራሷ ቤት ያላት ባልቴት ናት።

«ይቅርታ፣ ጆሮዬ ባለጌ ነው። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አለኝ። ሰው ሁሉ ከማንሻው ሩቅ ነው እያለ ይሸሸኛል። ደረጃዬም ጠማማ ነው፤ ይኸው ከፊት አስጠንቅቄያለሁ። ኋላ ጠበቃ ይዛችሁ እንዳትመጡ።»

«ከምን እንጨት ነው ደረጃው?» አለ አርቪድ።

«እኔ ምኑን አውቄ! ከሚጮኽ እንጨት ነው።»

«እንግዲያው እንስማማለን።»

ማሪት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልቧ ሲያመነታ ዋለ። ማንሻ ሥርን ከለቀቀች መመለሻ የለም። ማክሰኞ ማለዳ መሪው የሚጠብቃቸው ከማንሻው ሥር ነው፤ ከአሮጌው ከተማ ግን አውቶቡስ መያዝ አለ፣ ሸርተቴ መሸከም አለ፣ ማዳለጥ አለ። ቅርቡን ትቶ ሩቁን መምረጥ በእነርሱ ቤት ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ነው። የሆነ ሆኖ ሰኞ ቀትር ሳይደርስ ቁልፉን መለሰች። የፎቁ አስተዳዳሪ ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» አላት። እርግጠኛ አልነበረችም፤ «አዎን» አለች።

ወዲያው የተጸጸተች መሰላት። ዕቃቸውን ገና ሳይዘረጉ በጎዳናው ላይ የማሽን ጩኸት ተነሣ፤ የከተማው ሠራተኞች ክምሩን በጭነት መኪና እየጫኑ ሊወስዱ መጥተዋል። ማሽኖቹ ሲሄዱ አርቪድ ወጣና በትሩን ዘረጋ። ግድግዳው የለም። ቤታቸው ያለበት ወገን እስከ ድልድዩ ድረስ ሜዳ ሆኗል።

ማሪት በደረጃው ላይ ቆማ ታየዋለች። ወይዘሮ ፕራት ከኩሽናዋ መስኮት ብቅ አለች።

«የዚያኛውን ወገን ሐሙስ ነው የሚያነሡት!» አለች። «ሁሌም እንዲህ ናቸው፤ በግማሽ ተላጭቶ እንደ ተነሣ ሰው ያደርጉናል።»

አርቪድ ፊቱን ወደ መንገዱ ማዶ መለሰ። ማሪት ፑኤብሎ የሚለውን ቃል ጠበቀች።

«የአውቶቡሱ ማቆሚያ በየትኛው ወገን ነው?» አለ በመጨረሻ።

«በወዲያኛው።»

«እንግዲያው ቀድሞውንም መሻገር አይቀርም ነበር» ብሎ ተመለሰና ጠማማውን ደረጃ በእጁ እየዳበሰ ወጣ።

ማክሰኞ ማለዳ ማሪት ስትነቃ አርቪድ አሮጌ የሸርተቴ ሱሪውን ለብሶ በአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ነበር።

«ጫማዬን አምጪ።»

«የትኛውን?»

«የስኪውን ነዋ። ከነሸርተቴው ከመኪናው ኋላ የደበቅሽውን። ከፑኤብሎ እስከዚህ በየመታጠፊያው ሲንጓጓ ነበር፤ ዕውር ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም።»

ማሪት ፊቷ ቀላ። ሎርና በብርድ ልብሷ ውስጥ ስትሥቅ አልጋው ተንቀጠቀጠ።

«ስሚ» አለ አርቪድ የጫማውን ማሰሪያ እየጠረቀመ፤ «እስከ ማቆሚያው ብቻዬን ነኝ። አንቺ ከኋላ፣ ከሩቅ። ስትተነፍሺ እንዳልሰማሽ።»

ሸርተቴውን በትከሻው፣ በትሩን በእጁ ይዞ ወጣ። ማሪት እስኪርቅላት ጠበቀች። ከመንገዱ ዳር ደርሶ ቆመ፤ አዳመጠ። አንድ መኪና ቆመለትና ሹፌሩ በደግነት «እለፍ» እያለ እጁን አወዛወዘለት። አርቪድ አልነቃነቅ አለ። ሹፌሩ ደጋግሞ አወዛወዘ፤ በመጨረሻም ጥሩምባውን ነፋ።

«ሂድ እንጂ ወንድሜ!» ብሎ ጮኸ አርቪድ። «ምን እያሳየኸኝ እንደ ሆነ አላይም!»

መኪናው ሄደ። ጎዳናው ጸጥ አለ። አርቪድ ጫማውን እየጎተተ ቀጥ ብሎ ተሻገረ፤ በትሩ የወዲያኛውን ክምር ሲነካ ማሪት በዐይኗ ያቀፈችው ያህል ሆነ። ክምሩን ይዞ ወደ ማቆሚያው አመራ። አውቶቡሱ የመጣው በዚያው ቅጽበት ነው። አንድ ተሳፋሪ ሸርተቴውን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ።

«ማስቀመጫው የት እንዳለ ብቻ ንገረኝ» አለው አርቪድ። በአውቶቡሱ ጎን ያለውን ማስቀመጫ ዳብሶ አገኘ፤ ሸርተቴውን ራሱ አስገባ፤ ራሱም ገባ። በሩ ተዘጋ።

ማሪት ያን ጊዜ ነው የት እንደ ቆመች ያስተዋለችው። በታዘዘችው መሠረት እጅግ ርቃ ነበር።

«ቆይ! ቆይ!» እያለች ሮጠች፤ በመካከል አዳለጣትና ክምሩ ውስጥ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ተራራው ታጠፈ።

የወይዘሮ ፕራት ቤት የላይኛው መስኮት ተከፈተ።

«የት ሄደ?» አለች ሎርና።

«ሄደ!»

«ብቻውን?»

«ብቻውን! አመለጠኝ!»

ሎርና ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንሥታ አንዳች ነገር ለሰማይ ተናገረች፤ ከሩቅ አልተሰማም። ከዚያም ወደ ታች ዘንበል ብላ፦ «ታዲያ በረዶ ውስጥ ተቀምጠሽ ምን ያስለቅስሻል?» አለች።

«አላለቅስም። በረዶው ነው።»

ቀጣዩ አውቶቡስ የዘገየ መሰላት። በጉዞው ሁሉ አባቷን በዚያ ዲዳ አደባባይ መካከል ቆሞ፣ የማያውቃት ሴት ክንዱን ይዛ ስትጮኽበት አሰበችው። ከአውቶቡሱ ዘልላ ወርዳ ፎቆቹን አቋርጣ ማንሻው ሥር ደረሰች። አርቪድ ከማኅበሩ መሪ አጠገብ ቆሟል፤ ሩፐስ የሚባል ግዙፍ ሰው ነው። አውቶቡሱ ከበረዶው ሜዳ ጠርዝ ላይ ስለሚያወርድ፣ አደባባዩን ጨርሶ ሳይረግጥ ነበር የደረሰው። ሁለቱም ብርቱካንማውን ሰደርያ ለብሰው ይከራከራሉ።

«ግራ የምትለኝ ከመታጠፊያው በፊት ይሁን» ይላል አርቪድ። «ከወደቅሁ በኋላ ብትነግረኝ ለታሪክ ካልሆነ አይጠቅመኝም።»

«አቶ ሀልቮርሰን፣ እርስዎም ግራ ስል ግራ ይሂዱ እንጂ፣ ይመስለኛል ብለው እንዳያስቡ።»

«እሱን ቃል አልገባም።»

ማሪት ልትጠራው ስትል ወንበሩ ከኋላቸው ዞሮ መጣ። ሩፐስ «አሁን!» አለ፤ ሁለቱም ተቀመጡ፤ ወንበሩ ከመሬት አነሣቸው። የአባቷ ሸርተቴዎች በአየር ላይ ሲወዛወዙ አየች። እጇን ልታውለበልብ አንሥታ የማያያት መሆኑን አሰበችና አፏን ከፈተች።

«አባዬ!»

አርቪድ ወደ ድምፁ ዞረ። «ዘገየሽ!» አላት ከላይ።

«በየትኛው አውቶቡስ ትመለሳለህ? መጥቼ ልቀበልህ?»

«እኔ እንጃ! አትጠብቁኝ!»

ወንበሩ ከጥዶቹ በላይ ተሻገረ፤ ብርቱካንማው ሰደርያም እያነሰ ሄዶ ከነጩ ተራራ ላይ ጠፋ። ማሪት ጥቂት ቆመች። እስከ ታችኛው ቁልቁለት መጨረሻ ሄዳ ልትቆምለት፣ ቢወድቅም ልታነሣው አማራት። ከዚያም ፊቷን መልሳ ወደ አውቶቡሱ ሄደች፤ እናቷ ቁርስ አልበላችም ነበርና።